ኢንካና አዝቴክ በግምጃ ቤት ሠራተኛ ዓይን

በየዓመቱ ሰኔ 30 ሲቃረብ እንደኔ ግምጃ ቤት የተረከበ ሰው ከቆጠራ በቀር ሌላ ሐሳብ የለውም። ጅማ ላይ ደግሞ ወቅቱ ዝናቡ የሚበረታበት ስለሆነ፣ ቆርቆሮው ከላይ ሲደበደብ እኛ ከሥር ቢን ካርዱን፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙን ሞዴል 19ንና የወጪውን ሞዴል 22ን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ ከገባው ላይ የወጣው ሲቀነስ የሚቀረው ቁጥር መደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ጋር እስኪገጥም ድረስ ስንደምርና ስንቀንስ እንከርማለን። ዘንድሮ በዚህ መካከል፣ የእህቴ ልጅ ለፈተና ሲያጠናበት ቆይቶ ቤት ጥሎት የሄደውን የታሪክ መጽሐፍ በሻይ ሰዓት እንዳነበው ይዤው ገባሁ፤ እዚያ ላይ ያየሁት አንድ ካርታ ያስነሳብኝ ጥያቄ ከቆጠራው የማይተናነስ ጊዜ ወሰደብኝ።

ካርታው የሁለቱን አሜሪካዎች ምድር ያሳያል። ሜክሲኮ መሐል ላይ አነስ ያለ ቀይ ቀለም ፈሷል፤ ከደቡብ በኩል ደግሞ የፓስፊክን ዳርቻ ይዞ እንደ መቀነት የተጠመጠመ ረጅም አረንጓዴ ቀለም አለ። ቀዩ አዝቴክ፣ አረንጓዴው ኢንካ ነው። የትኛው ይበልጣል ቢባል መልሱን ሕፃን ልጅም አይስተውም። የአዝቴክ ግዛት ከ200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም ከፍ የማይል ሲሆን፣ የኢንካው ግን በረሃውንና ሰው የማይኖርበትን ከፍታ ቆጥሮ ባለመቁጠር ልዩነት ከ1 ሚሊዮን እስከ 2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። የእኛ አገር ስፋት ወደ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነውና አዝቴክ ኢትዮጵያ ውስጥ አምስት ጊዜ ያህል ይገባል፤ ኢንካ ደግሞ በትንሹ ግምት ኢትዮጵያን ያክላል፣ በትልቁ ግምት እጥፏን ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። ርዝመቱ ከዛሬዋ ኮሎምቢያ ደቡባዊ ጫፍ እስከ መካከለኛው ቺሊ ማውሌ ወንዝ ድረስ 4,000 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከአዲስ አበባ ጅማ ያለውን መንገድ አሥራ አንድ ጊዜ መሄድ ማለት ነው።

ግምጃ ቤት የሠራ ሰው ግን ድምሩን ከማመኑ በፊት መለኪያውን ይጠይቃል። በኩንታል የገባና በቁጥር የገባ ዕቃ አንድ ካርድ ላይ አይደመርም። ሁለቱን ቀለሞች ሳይ የመጣብኝ ጥርጣሬ ይኸው ነበር፤ ቀዩ ቀለም የሚያሳየው ነገርና አረንጓዴው የሚያሳየው ነገር አንድ ዓይነት ነው ወይ?

ጅማ የተወለደ ሰው ይህን መጠየቁ አይገርምም። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1878 ሥልጣን ከያዙ በኋላ ለምኒልክ በሰላም ገብተው፣ ዓመታዊ ግብር እየከፈሉ፣ በጅማ ላይ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1932 ድረስ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆይተዋል። ጎረቤታችን ካፋ በ1897 በጦር ተይዞ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረኩ፣ ጅሬን ላይ ያለው ቤተ መንግሥት በጌታው እጅ ነበር። እንግዲህ የዚያን ዘመን ካርታ የሚሥል ሰው ጅማንና ካፋን አንድ ቀለም ቢቀባቸው አልዋሸም፤ ግን ጅማ ሆኖ ለኖረ ሰው ሁለቱ አንድ አልነበሩም። የአዝቴክ ግዛት አብዛኛው ክፍል እንደ ጅማ ያለ ነበር። (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን እዚሁ ላይ ልናገር።)

አዝቴክ የምንላቸው፣ በራሳቸው ስም ሜክሲካ የሚባሉት ሕዝቦች ቴክስኮኮ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ቴኖችቲትላንን የቆረቆሩት በ1325 እንደሆነ ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ ግን መቶ ዓመት ያህል የሌላ ገባር ሆነው ነው የኖሩት። በ1428 ቴኖችቲትላን፣ ቴክስኮኮና ትላኮፓን ተባብረው ሲገብሩለት የነበረውን አዝካፖትሳልኮን ጣሉ፤ የአዝቴክ ግዛት የምንለው ነገር የጀመረው በዚህ የሦስት ከተሞች ኅብረት ነው። የሚገባው ግብር ከአምስት ሲከፈል ሁለቱ እጅ ለቴኖችቲትላን፣ ሁለቱ እጅ ለቴክስኮኮ፣ አንዱ እጅ ለትላኮፓን እንዲሆን ነበር ደንቡ። ኢትስኮአትል ሸለቆውን አስገበረ፤ ቀዳማዊ ሞክቴዙማ ከሸለቆው ወጥቶ እስከ ባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ደረሰ፤ ከ1486 እስከ 1502 የነገሠው አዊትሶትል ደግሞ ከዛሬዋ ጓቲማላ ድንበር አጠገብ ያለችውን ሾኮኖችኮን ጨመረ። የስፔኑ ወራሪ ኮርቴዝ በ1519 ሲመጣ ግዛቱ ዘጠና አንድ ዓመቱ ነበር።

ይህ ግዛት ምን እንደነበር የገባኝ የጦርነቱን ታሪክ ሳነብ ሳይሆን የግብር መዝገቡን ሥዕል ሳይ ነው። ከስፔኖች ድል በኋላ፣ በ1540ዎቹ አካባቢ፣ የአገሬው ሠዓሊዎች የሠሩት የሜንዶዛ ኮዴክስ የሚባል ሰነድ አለ። አንዱ ክፍሉ ገባር አውራጃዎችን በየገጹ እያስቀመጠ የሚያስገቡትን ዕቃ በሥዕል ይዘረዝራል፤ የገቢ መዝገብ ነው ቢባል ይቀላል። በገጹ ጠርዝ የከተሞቹ ስም በምልክት ተሥሏል፤ መሐሉ ላይ ዕቃው ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ዕቃ በላይ ብዛቱ ተጽፏል። ቁጥራቸው በሃያ እየተባዛ የሚሄድ በመሆኑ ባንዲራ ከሆነ 20፣ እንደ ላባ ወይም እንደ ፀጉር ያለ ምልክት ከሆነ 400፣ ከረጢት ከሆነ 8,000 ነው። የሾኮኖችኮ ገጽ ላይ 200 ሸክም ካካዎ፣ 40 የጃጓር ቆዳ፣ ብርቅ የወፍ ላባና አረንጓዴ የከበረ ድንጋይ ይገኛል። አንድ የካካዎ ሸክም 24,000 ፍሬ ነበር፤ ፍሬው ደግሞ ለመጠጥ ብቻ የሚውል አልነበረም፣ ገበያ ላይ እንደ ገንዘብም ይመነዘር ነበር። እኛ ቡናችንን ሸጠን ብር እናገኛለን፤ እነሱ ዘንድ ፍሬው ራሱ ብር ነበር።

ገጾቹን አንድ በአንድ ሳነጻጽር ያስተዋልኩት ነገር አለ። ለዋና ከተማዋ ቅርብ የሆኑት አውራጃዎች በቆሎ፣ ባቄላና የመሳሰለውን እህል በጎተራ ሙሉ ያስገባሉ፤ እየራቀ ሲሄድ እህሉ ይጠፋና ጥጥ፣ ከዚያም ላባ፣ ካካዎ፣ የከበረ ድንጋይ ይተካል። ምክንያቱን ለማወቅ ጫኝና አውራጅ ካለበት ግቢ መዋል ይበቃል። በሜክሲኮ ምድር የጭነት ከብት አልነበረም፤ ፈረስም በቅሎም አህያም የለም፤ ዕቃውን ሁሉ በግንባሩ ማንገቻ አድርጎ በጀርባው የሚሸከመው ሰው ነው። የአንድ ሰው ሸክም በተለምዶ 23 ኪሎ ያህል ነበር፣ በእኛ አለካክ ከአንድ ፈረሱላ ተኩል ያነሰ። ይህ ሰው መንገድ ላይ ይበላል። በቀን አንድ ኪሎ በቆሎ ቢበላ፣ የአሥር ቀን መንገድ ሄዶ ሲመለስ ከተሸከመው እህል አብዛኛው እዚያው ሆዱ ውስጥ ቀርቷል። ሾኮኖችኮ ከቴኖችቲትላን ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከዚያ በቆሎ ማስመጣት ማለት ባዶ ጆንያ ለመረከብ ሞዴል 19 መቁረጥ ነው።

ስለዚህ አዝቴኮች ሩቅ አገር ያዙ ሲባል ቀላልና ውድ የሆነውን የዚያን አገር ዕቃ ያዙ ማለት ነው። የአገሩ ባላባት በቦታው ይቆያል፤ አምላኩን ያመልካል፤ ግብሩን በሰዓቱ እስካስገባ ድረስ የሚጠይቀው የለም፤ ካላስገባ ጦር ይመጣበታል። ይህ ርካሽ አስተዳደር ነው፤ ባለሥልጣንም ምሽግም ብዙ አይፈልግም። ጉድለቱም ከዚሁ የሚመነጭ ነው፤ ንጉሥ በሞተ ቁጥር የሚያምፁ አውራጃዎች ነበሩና አዲሱ ንጉሥ የመጀመሪያ ሥራው አባቶቹ የያዙትን መልሶ መያዝ ይሆናል። ካርታው ላይ ያለው ቀይ ቀለምም ቢሆን የተቦዳደሰ ነው። ከዋና ከተማዋ በምሥራቅ፣ የጥቂት ቀን መንገድ ላይ ያለችው ትላሽካላ ዙሪያዋን ተከብባ እስከ መጨረሻው አልገበረችም። በምዕራብ በኩል ደግሞ ንጉሡ አሻያካትል በ1470ዎቹ መጨረሻ ታራስካኖች በሚባሉት ጎረቤቶች ላይ ዘምቶ አብዛኛውን ጦሩን አስፈጅቶ ተመለሰ፤ ያ ድንበር ከዚያ በኋላ ንቅንቅ አላለም።

ኢንካዎች በተመሳሳይ ዘመን የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። በተለመደው አቆጣጠር ፓቻኩቲ ቻንካ የሚባሉትን ወራሪዎች ከዋና ከተማቸው ከኩስኮ በር ላይ መልሶ ሥልጣን የያዘው በ1438 ነው፤ የራዲዮካርቦን ልኬት ግን መስፋፋቱ ከዚያ አስቀድሞ እንደጀመረ እየጠቆመ ነው። (የእኛው ዘርዓ ያዕቆብ በ1434 ነው የነገሠው። ሦስቱም መንግሥታት በአንድ ትውልድ ውስጥ፣ አንዱ የሌላውን መኖር ሳይሰማ፣ ግዛት ሲያደራጁ ነበር።) የፓቻኩቲ ልጅ ቱፓ ኢንካ ዩፓንኪ በሰሜን በኩል ትልቁን የቺሙ መንግሥት ጥሎ፣ በደቡብ እስከ ቺሊ ወርዶ፣ ዛሬ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ የምናየውን አብዛኛውን ምድር በአንድ ሰው ዕድሜ ጠቀለለው። የልጅ ልጁ ዋይና ካፓክ ኢኳዶርን አጠናቀቀ። ከፓቻኩቲ ተነሥተን የስፔኑ ፒዛሮ የኢንካውን ንጉሥ አታዋልፓን ካሃማርካ ላይ እስከያዘበት እስከ ኅዳር 16 ቀን 1532 ብንቆጥር ዘጠና አራት ዓመት ነው። ዕድሜያቸው ከአዝቴክ ጋር በሦስት ዓመት ይለያያል፤ ስፋታቸው ግን ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ።

ይህ ልዩነት በጦረኝነት የመጣ አይመስለኝም፤ ሜክሲካዎች ጦረኝነት አልጎደላቸውም። የጭነት ከብት ልዩነትም ብቻውን አያስረዳውም። እርግጥ ኢንካዎች ላማ ነበራቸው፤ ነገር ግን ላማ የሚሸከመው ከ25 እስከ 30 ኪሎ ነው፤ እዚህ ግቢያችን የሚደረደረውን የ60 ኪሎ የኤክስፖርት ጆንያ ግማሽ እንኳ ለመሸከም ይቸገራል። እኔ የደረስኩበት መልስ ይህ ነው፤ አዝቴኮች ዕቃውን ወደ መሐል አመጡ፣ ኢንካዎች ዕቃውን እዚያው አስቀምጠው ሰውን አንቀሳቀሱ።

ኢንካዎች ከገባሩ የሚፈልጉት ግብር በዋናነት ጉልበት ነበር፤ ሚታ ይሉታል። የተያዘው አገር መሬት ተከፍሎ አንዱ ክፍል ለመንግሥት፣ አንዱ ለፀሐይ አምልኮ፣ የቀረው ለአገሬው ይሆናል፤ ገበሬው ከራሱ ጎተራ ምንም ሳያወጣ የመንግሥቱን እርሻ በተራው ያርሳል። ምርቱ ወደ ኩስኮ አይጫንም። እዚያው አገር፣ ነፋስ በሚያገኘው ተዳፋት ላይ፣ ቆልቃ በሚባሉ የድንጋይ ጎተራዎች ውስጥ ይቀመጣል። ዋኑኮ ፓምፓ በምትባል አንዲት የአስተዳደር ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ብቻ ወደ 500 የሚጠጉ ጎተራዎች ፍርስራሽ በመሥመር ተደርድሮ ይታያል፤ ኮቻባምባ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ዋይና ካፓክ 14,000 ሠራተኛ በቆሎ እንዲያመርት አድርጎ ነበር። በቆሎና የልብስ ክምችት አለ፤ በብርድና በፀሐይ እየተፈራረቀ የደረቀ፣ ዓመታት የሚቆይ ቹኞ የሚባል ድንች አለ። ጦሩ ሲዘምት ስንቅ አይጎትትም፤ ከጎተራ ወደ ጎተራ ይሄዳል። የእኛ ነገሥታት ድንኳናቸውን ነቅለው እህል ወዳለበት አገር ይሰፍሩ እንደነበረው ያለ ብልሃት ነው፤ ልዩነቱ ኢንካዎች እህሉን አስቀድመው በመንገዱ ላይ ደርድረው መጠበቃቸው ነው።

መንገዱም ለዚህ ነው የተሠራው። 30,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሆነው የኢንካ መንገድ፣ መንኮራኩር ለማያውቅ ሕዝብ የተሠራ ስለሆነ ገደል ሲገጥመው በደረጃ ይወጣል፣ ወንዝ ሲገጥመው በሣር በተገመደ ድልድይ ይሻገራል። ቻስኪ የሚባሉ ሯጮች መልእክት እየተቀባበሉ በቀን እስከ 240 ኪሎ ሜትር ያደርሱ እንደነበር ይገመታል። ያመፀ ወይም ያምፃል ተብሎ የተጠረጠረ ሕዝብ ከነቤተሰቡ ተነቅሎ ሌላ አገር ይሰፍራል፤ በእሱ ቦታ ታማኝ ሕዝብ ይተከላል። ሚትማቅ የሚባለው ይህ ሰፈራ ጭካኔ መሆኑን መደበቅ አያስፈልግም፤ ሆኖም አረንጓዴውን ቀለም ከቀዩ የበለጠ ወፍራም ያደረገው አንዱ ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደሚያስቀናኝ ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ ጎተራ የሚቆጣጠሩት ሰዎች ጽሕፈት አልነበራቸውም። መዝገባቸው ኪፑ ነው፤ ከአንድ ዋና ገመድ ላይ የተንጠለጠሉ ብዙ ቀጫጭን ክሮች፣ በየክሩ ላይ ቋጠሮዎች። ቁጥሩ በአሥር የሚሄድ ነው። ከክሩ ጫፍ አጠገብ ያለው ቋጠሮ አንድ ቤት፣ ከፍ ብሎ ያለው አሥር ቤት፣ ከዚያ በላይ መቶ ቤት ነው፤ ቋጠሮ የሌለበት ባዶ ቦታ ዜሮ ነው። ሕዝቡም በዚሁ ልክ በአሥር፣ በመቶ፣ በሺህና በአሥር ሺህ አባወራ ተከፋፍሎ አለቃ ተሹሞለት ነበርና፣ የሰው ቆጠራውና የዕቃ ቆጠራው በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር ማለት ይቻላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ አራት ጆንያ ጎድሎብኝ ሦስት ቀን ሙሉ ስቆጥር ከረምኩ፤ በመጨረሻ ዕቃው በትክክል ወጥቶ ወጪው ግን በሌላ ቢን ካርድ ላይ መመዝገቡን አገኘን። ኪፑ ቢሆን ኖሮ የተሳሳተው ቋጠሮ በጣት ይገኝ ነበር ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ፤ እውነት ይሁን አይሁን የሚፈርደኝ የዚያ ዘመን ባልደረባ የለም።

ለኢንካ መስፋፋት ሌላ ምክንያት የሚሰጡ ተመራማሪዎች አሉ። ንጉሥ ሲሞት ዙፋኑን ልጁ ይወርሳል፤ ርስቱና ሀብቱ ግን በደረቀው አስከሬን ስም ይቀርና ሌሎቹ ዘመዶች ያስተዳድሩታል፤ ስለዚህ አዲሱ ንጉሥ የራሱን ለማግኘት አዲስ አገር መያዝ አለበት ይላሉ። ሐሳቡ ያምራል፤ ነገር ግን ንጉሡ ለምን መስፋፋት እንደፈለገ እንጂ እንዴት እንደቻለ አይነግረንም። መፈለግማ አሻያካትልም ፈልጎ ነበር። ኢንካዎችም ቢሆኑ ጎተራና መንገድ ሊተክሉ ባልቻሉበት ቦታ ቆመዋል፤ በምሥራቅ የአማዞን ጫካ፣ በደቡብ ከማውሌ ማዶ ያሉት ማፑቼዎች አላሳለፏቸውም።

ስፋቱን ትተን ሰውን ብንቆጥር ሚዛኑ ይለወጣል። አዝቴክ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ሕዝብ፣ ኢንካ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ገደማ እንደነበረው ይገመታል፤ የኋለኛውን 6 ሚሊዮን የሚሉም 14 ሚሊዮን የሚሉም አሉ። በአሥር እጥፍ የሚበልጥ መሬት ላይ ያለው ሰው እጥፍ እንኳ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። በሐይቁ ላይ በተሠሩ የጭቃ መደቦች አትክልትና በቆሎ የሚያመርተውን፣ ዕቃውን በታንኳ የሚያመላልሰውን የቴኖችቲትላን ሕዝብ እስከ 200,000 የሚያደርሱት አሉ፤ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ኩስኮ ከዚህ እጅግ ታንስ ነበር። በጅማ የሐሙስ ገበያ ግፊያ ውስጥ ያለፈ ሰው ቴኖችቲትላንን፣ ከጅማ ከተማ ወጥቶ ገጠር ለገጠር የሄደ ሰው ኢንካን ቢያስብ አይሳሳትም።

አወዳደቃቸውም በግብራቸው ዓይነት የተለየ ይመስለኛል። ኮርቴዝ ሲመጣ ግብር የመረራቸው ከተሞችና በተለይ ትላሽካላ በሺህ የሚቆጠር ጦር ይዘው ተሰለፉለት፤ ፈንጣጣ ከተማዋን ከጎዳት በኋላ ቴኖችቲትላን ነሐሴ 13 ቀን 1521 ወደቀች፤ ግብር መቀበያው ማዕከል ሲጠፋ የሚቀር ነገር አልነበረም። ኢንካ የወደቀው ዋይና ካፓክ ከሞተ በኋላ ሁለቱ ልጆቹ ዋስካርና አታዋልፓ ተዋግተው ገና ሳይረጋጉ ነው፤ 168 ያህል ሰው የያዘው ፒዛሮ ንጉሡን ማረከ። ኢንካን የጠሉ ገባሮችም ከስፔኖች ጋር ወገኑ፤ በዚህ በኩል ከትላሽካላ የተለዩ አይደሉም። የጎተራው ሥራ ግን በአንድ ቀን አልቆመም።

ሃቱን ሻውሻ በሚባለው አገር የነበሩት የዋንካ ሹማምንት ከስፔኖች ጋር ከወገኑት ናቸው፤ ለፒዛሮ ጦር ጎተራቸውን ከፍተው በቆሎ፣ ላማ፣ ልብስ፣ ጫማ፣ ተሸካሚ ሰው ሰጡ። በ1550ዎቹ መጨረሻና በ1560ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢንካ የሚባል ንጉሥ ኩስኮ ላይ ከጠፋ ከዓመታት በኋላ፣ ውለታቸው እንዲታሰብላቸው ሊማ ላይ ለስፔን ዳኞች አቤት ሲሉ፣ ከ1533 ጀምሮ ስፔኖች የወሰዱትን ሁሉ የቋጠሩበትን ኪፑ ይዘው ቀረቡ። ስጡ ተብለው የሰጡት አለ፤ ሳይጠየቁ የተዘረፉትም አለ። በክሩ ላይ እያነበቡ የዘረዘሩትን ጸሐፊው በስፔንኛ አሰፈረው።